አምፖሉ አልጠፋም

መብራት ወደዚያች መንደር የገባው በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። እኔ የሄድኩት የቤት ውስጥ ሽቦ ልዘረጋ ነበር። መንደሯ ከቱሊ ጉሌድ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትርቃለች፤ ማሽላና ስንዴ የሚያርሱ፣ ፍየልና ላምም የሚያረቡ ሠላሳ ያህል ቤተሰቦች ይኖሩባታል። ጅግጅጋ የምሠራበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ፉአድ፣ "አንተ አትናገርም፣ ከማንም ጋር አትጣላም፤ ገጠር ለአንተ ነው" ብሎ ላከኝ።

ስሜ ጫኔ ነው። አባቴ ወታደር ሆኖ ጅግጅጋ መጣና እዚያው ቀረ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርቱን ተውኩና ሽቦ መዘርጋት ተማርኩ። ሶማሊኛ ከሠፈር ልጆች ጋር ያደግኩበት ስለሆነ አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ ሰው ሲያየኝ ነው። አንድ ሰው ፊት እናገራለሁ፤ ሁለተኛ ሲጨመር ድምፄ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዝም እላለሁ።

ያረፍኩት አዴር ሮብሌ ቤት ነበር። አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው፤ ትልልቅ ወንዶችን አዴር፣ ትልልቅ ሴቶችን ደግሞ ኤዶ፣ አክስት፣ ብለን ነው የምንጠራቸው። አዴር ሮብሌ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ገበሬ ናቸው። ከባለቤታቸው ከኤዶ ሀሊሞና ከአንድ ልጃቸው ከዐብዲወሃብ ጋር ይኖራሉ። ሦስት ሴት ልጆች ተድረው ሄደዋል፤ ወንድ ልጅ ያላቸው እርሱን ብቻ ነው። ዐብዲወሃብ የእኔ እኩያ ነበር፤ ቀልደኛ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ።

"ይሄ ጃኔ ሲያወራ የምትሰማው ጉንዳን ብቻ ናት" ይለኝ ነበር። "ጫ" የምትለው ፊደል አፉ ላይ አትመጣለትም። "ጉንዳኗም ጠጋ ብላ ከሆነ ነው።"

መንደሩ መብራቱን ይፈራው ነበር። ትራንስፎርመሩ ቀንም ሌሊትም እንደ ንብ ቀፎ ስለሚያጉረመርም ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ዞረው ይሄዱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዝናብ በዘነበ ቀን የቤታቸውን ቆርቆሮ ተደግፈው ነዘራቸውና ከዚያ ወዲያ ደጅ ማደር ጀመሩ። ሄጄ ሳየው ሚስማር ሽቦውን ልጦታል። አስተካከልኩላቸው፤ እርሳቸው ግን አልገቡም። ኤዶ ሀሊሞም መብራት የሚያበሩት በረጅም እንጨት ማብሪያውን ከሩቅ እየነኩ ነበር። ሶኬቱን በጨርቅ ሸፍነው፣ "ይህ ቀዳዳ ልጅ ይጠራል" ይሉ ነበር።

እኔም እፈራ ነበር። ሥራዬ ስለሆነ አልናገረውም እንጂ ስፒና በሰካሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ጅግጅጋ ውስጥ ይዞኛል፤ ክንዴ የራሴ እንዳልሆነ የተሰማኝን ያንን ጊዜ አልረሳውም።

አዴር ሮብሌ ግን አልፈሩም፤ ወደዱት። ከብቶቹ ሲወልዱ በረት ድረስ የሚደርስ አምፖል እንዳበጅላቸው ጠየቁኝ። ሽቦ ቀጥዬ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ጫፉ ላይ የአምፖል መያዣ ፖርታላምፓዳና ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል አስሬ ሰጠኋቸው። ሃያ አምስት ሜትር ያህል ይሆናል። እንደ አዲስ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለእንግዳ ያሳዩት ነበር።

በሰኔ ሌሎች ቤቶችን ልጨርስ ተመልሼ ሄድኩ። የቤት ማሽላ ያለቀበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጉድጓድ ይከፈታል።

በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል። ውስጡ በጭድና በጭቃ ይለሰናል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ በእንጨትና በአፈር ይደፈናል። እህሉ እዚያ ውስጥ ወራትም ዓመትም ይቆያል። ሲከፈት ግን ማንም ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ የሚነድ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል። ፋኖሱ ከጠፋ ጉድጓዱ ገና አልተነፈሰም ይባላል፤ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ሰዎች በብርድ ልብስ አየሩን ይንጡታል። ካልጠፋ ይገባል። ሕጉ ይኸው ነው። ይህን ሕግ ያልሰሙ እንግዶች ሞተውበታል ይባላል፤ አንዱን ሊያወጣ ሌላው እየገባ፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው።

የአዴር ሮብሌ የመጀመሪያው ጉድጓድ የተከፈተው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ከባድ ነበር። ሦስት ጎረቤቶች ሊያግዙ መጥተዋል። እኔ ሥራ ከመሄዴ በፊት ለማየት ቆምኩ። እንጨቱ ሲነሣ ከውስጥ የሞቀ፣ ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። ፀሐይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ እስክትል ጠበቁ።

"ፋኖሱን አምጪ" አሉ አዴር ሮብሌ።

"ላምባ የለም" አሉ ኤዶ ሀሊሞ። "መብራት ከገባ ወዲህ ማን ገዝቶ? ከጎረቤት ልለምን?"

ጎረቤቶቹም ተያዩ። እነርሱም ቤት አልነበረም።

ዐብዲወሃብ ሳቀና ወደ ቤት ሮጠ። ሲመለስ የእኔን ባለ አምፖል ሽቦ እየጎተተ ነበር። "አባ፣ ላምባ ለድሃ ነው! ይኸው!"

አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ በርቶ መጣ። አዴር ሮብሌ በእጃቸው ተቀብለው ወደ ጉድጓዱ ለቀቁት። እየወረደ ሲሄድ ሁላችንም አፉን ከበብነው። ፋኖስ የሚያሳየው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነበር። አምፖሉ ግን ሁሉንም አሳየ፤ የጭቃውን ግድግዳ፣ የጭዱን ሰበዝ፣ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ታች የተኛውን ቀይ ማሽላ። አንደኛው ጎረቤት፣ "ሱብሃነላህ" አለ። በዕድሜው ሁሉ ከጉድጓድ እየበላ ጉድጓድ ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም ነበር።

አምፖሉ እህሉ ላይ አረፈ። ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። አምፖሉ ምንም አልሆነም።

"አልጠፋም!" አሉ አዴር ሮብሌ ደስ ብሏቸው። "ገመድ እሰሩለት፤ ይግባ።"

የዚያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

አምፖል ውስጥ አየር የለም። የሙያዬ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። መስተዋቱ ተሰንጥቆ አየር የገባበት ቀን ነው ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተቃጥላ የምታልቀው። ፋኖስ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ሰው የሚሞትበት ቦታ አስቀድሞ ይሞታል። አምፖል አይተነፍስም። ያ ጉድጓድ መርዝ ቢሞላም አምፖሉ እንዲሁ ያበራል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የታየኝ። ዐብዲወሃብ ሸሚዙን አውልቆ ገመዱ በብብቱ ሥር እየታሰረለት ነበር። አምስት ሰዎች ቆመዋል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጉድጓድ ለእነርሱ የምነግር ማን ነኝ? ደግሞስ ብሳሳት? ለሃምሳ ዓመት ጉድጓድ የከፈቱ ሰው ፊት?

"አዴር..." አልኩ።

"እ?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እግሬ ሥር ያለውን ሽቦ አየሁ።

"ተናገር እንጂ ልጄ!"

"ምንም" አልኩ። "የመብራቱን ገመድ እንዳትረግጡት ብዬ ነው።"

"ጉንዳኗ ሰማች!" አለ ዐብዲወሃብ፤ ሁሉም ሳቁ። እየሳቁ አወረዱት።

ታች እንደደረሰ በገመዱ ጆንያ ለማሰር ከብብቱ ፈታው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ጎንበስ ብሎ በሳህን ማሽላ መዛቅ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሳህን። በልቤ እቆጥር ነበር። ምናልባት ተሳስቻለሁ አልኩ። ተሳስቼ በሆነ ብዬ ለመንኩ።

"ሽታው እንደ ሰነበተ ሊጥ ነው" አለ ከታች። ከዚያ፣ "አባ፣ አፍንጫዬን..." አለና ሳቀ። ሳቁ ረዘመ። ሳህኑን ጣለ። ቀና ብሎ ሊያየን ሞከረ፤ ጉልበቱ ታጠፈና እህሉ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ።

በፋኖስ ጊዜ ቢሆን አናየውም ነበር። አሁን ሁሉንም አየን። አምፖሉ ፊቱ አጠገብ ወድቆ ዓይኑን ያበራዋል። ዓይኑ ክፍት ነው። አይርገበገብም።

"ዐብዲ!" አሉ አዴር ሮብሌ። "ዐብዲ! አንተ!"



ዱላቸውን ወረወሩና አፉ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረግኩ ያወቅኩት ካደረግኩት በኋላ ነው። ከኋላ አንገታቸውን አንቄ ጎተትኳቸው፤ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

"አይግቡ!" ብዬ ጮኽኩ። "አየር የለም! አምፖሉ አይጠፋም! ሁሉም ሰው ቢሞትም አይጠፋም!"

በጥፊ መቱኝ። አልለቀቅኳቸውም። ደግመው መቱኝ። "ልጄ ነው! ልቀቀኝ! ልጄ ነው!"

"ከገቡ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው!"

ያዳነን የኤዶ ሀሊሞ ድምፅ ነው። አላለቀሱም። "ሀንጎሉን አምጡ! ሁለቱንም! በገመድ ቀጥሉት!" አሉ። ሀንጎል የእሾህ አጥር የሚጎተትበት ረጅም እንጨት ነው፤ አንዱ ጫፉ ቆልማማ፣ ሌላው ባላ ነው። የማይገኝበት ግቢ የለም። ጎረቤቶቹ ሁለቱን አጋጥመው አሰሩ። ኤዶ ሀሊሞ ደግሞ ብርድ ልብስ ይዘው አፉ ላይ አየሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይንጡ ጀመር።

ግን ከላይ ሆኖ መንጠቆውን ማስገባት አልተቻለም። የጉድጓዱ ሆድ ሰፊ ስለሆነ እንጨቱ ከአፉ ጋር ይጋጫል። ቀጭኑ እኔ ነበርኩ።

"እግሬን ያዙ" አልኩ።

ሁለቱ ጎረቤቶች ቁርጭምጭሚቴን ያዙ፤ ሦስተኛውና አዴር ሮብሌ የሀንጎሉን ጫፍ ያዙ። ትንፋሼን ሳብኩና በጭንቅላቴ ወረድኩ። ወዲያው አፍንጫዬን ነከሰኝ፤ ሳልተነፍስ እንኳ ነከሰኝ፣ እንደ ሎሚ ጭማቂ ያለ ነገር። ዓይኔ አለቀሰ። ከሥሬ ዐብዲወሃብ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሽርጡን ያሰረበትን ሰፊ የቆዳ ቀበቶ አየሁት። መንጠቆውን ሰደድኩ፤ ሳተ። ደገምኩ፤ ሳተ። ደረቴ ሊፈነዳ ሆነ። በእግሬ ምልክት ሰጥቼ ወጣሁ፣ ተነፈስኩ፣ ተመልሼ ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀበቶው ውስጥ ገባ።

"ሳቡ!" ማለት አልቻልኩም፤ ብናገር ትንፋሼ ያልቃል። እንጨቱን ሁለት ጊዜ መታሁት። ገባቸው። ሰውነቱ በወገቡ እየታጠፈ ከእህሉ ተነሣ። በግራ እጄ ክንዱን ጨበጥኩ። የዚያን ጊዜ ከሰውነቱ ጋር ተጠላልፎ የተነሣው አምፖል ከግድግዳው ጋር ተጋጨና ተሰበረ።

ጨለመ። ላዬ ላይ ካለችው ትንሽ ክብ ሰማይ በቀር ምንም አላይም። የተሰበረው አምፖል ባዶ ሽቦ የሆነ ቦታ፣ በእኔና በእርሱ መካከል እየተወዛወዘ ነው። ሁለታችንም ላብ በላብ ነን። ያኔ ጅግጅጋ ኤሌክትሪክ ክንዴን የያዘኝን ጊዜ አስታወስኩ፤ ሁሉን ለቅቄ ወደ ላይ መሸሽ ፈለግኩ። እውነቱን ነው የምናገረው፤ ፈለግኩ።

የቀረችኝን ትንፋሽ አወጣኋት። "ስፒናውን ንቀሉ!"

የሮጡት ኤዶ ሀሊሞ ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት ቤት እስኪደርሱ አልጠበቁም፤ የመብራቱን ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው ከነሶኬቱ ከግድግዳ ነቀሉት።

ሦስቱ ጎረቤቶችና አዴር ሮብሌ ተረባርበው ጎተቱን። መጀመሪያ እኔ ወጣሁ፣ ቀጥሎ በእኔ እጅ የተንጠለጠለው ክንድ፣ ቀጥሎ እርሱ። ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። ኤዶ ሀሊሞ በጎኑ አስተኝተው ጀርባውን እየደበደቡ በስሙ ይጠሩታል። አዴር ሮብሌ ቁርኣን እየቀሩ ነበር፤ መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሁለት ጊዜ ጀመሩ። በሦስተኛው ዐብዲወሃብ ሳለ።

በባጃጅ ቱሊ ጉሌድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ አድሮ ተመለሰ። ራሱን ያመዋል እንጂ ያውቀናል። አባቱ እንዳለቀሱ ጎረቤቶቹ ሲነግሩት፣ "እኔ ልሞት ነው ብዬ አልፈራሁም፣ ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። ከሁሉ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ቅዳሜ ቀን በግ ታረደ። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ ሰባት ነበርን። አዴር ሮብሌ የተሻለውን ሥጋ መርጠው ሩዙ ላይ ከፊቴ አስቀመጡ። "ልጄን ከሞት አፍ ያወጣው ይህ ልጅ ነው። መትቼዋለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።" ሰዎቹ መረቁኝ። ዐብዲወሃብ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። እንዳያውቁብኝ ፈራሁ። ሳያውቁ እንዳይቀሩም ፈራሁ፤ ይህኛው ባሰብኝ።

"ሳይገባ በፊት አውቄ ነበር" አልኩ።

ሁሉም ከሩዙ ቀና አሉ።

"አምፖል አየር እንደማይፈልግ አውቅ ነበር። ገመድ ሲታሰርለት ቆሜ አያለሁ። ልናገር ነበር፤ ስታዩኝ አፈርኩ።"

"የጠራኸን ጊዜ?" አሉ ኤዶ ሀሊሞ ከበሩ ላይ ሆነው። "የመብራቱን ገመድ እንዳትረግጡት ያልከን?"

"አዎ።"

ዐብዲወሃብ እጁን ከትከሻዬ አነሣ። ስለ ሁሉ ነገር የሚቀልድ ልጅ ምንም አለማለቱ ከጥፊው በላይ አመመኝ። አዴር ሮብሌ እጃቸውን ታጠቡ፤ ቀስ ብለው ጣት በጣት ታጠቡ። ዕቃህን ይዘህ ሂድልኝ የሚሉኝ መሰለኝ። ፒንሳዬንና ቴስተሬን የት እንዳስቀመጥኩ ማሰብ ጀመርኩ።

"ሁለተኛ ጉድጓድ አለኝ" አሉ በመጨረሻ። "ሰኞ ይከፈታል። የምገባው እኔ ነኝ። አፉ ላይ የምትቆመው አንተ ነህ። ይግቡ ሳትል እግሬን አላስገባም። ሳትናገር ብትቀር ቤተሰቤ ማሽላ አይበላም። ሰምተሃል?"

ሰኞ ጠዋት የመጣው ሰው ከሐሙሱ ይበዛ ነበር፤ ሃያ ያህል ይሆናል። ሴቶችም ቆመዋል። ዐብዲወሃብ ግድግዳ ተደግፎ ከሩቅ ያያል። ጉድጓዱ ተከፈተ። ያው ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። በብርድ ልብስ ሲንጡት ቆዩ። ከዚያ የተቀጣጠለ የማሽላ አገዳ ጣሉ፤ ነበልባሉ ግማሽ መንገድ ላይ ጥፍት አለ።

"ገና ነው" አልኩ።

ቀትር ላይ ደገሙ። አገዳው እስከ ታች እየነደደ ወረደ፤ እህሉ ላይ እስኪከስል ነደደ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዴር ሮብሌ ገመዱን በብብታቸው አስረው ተቀምጠዋል።

"ገና ነው" አልኩ።

"ምን ሊሆን ነው ደግሞ?" አለ አንዱ። "ነደደ አይደል? እስከ ረመዳን ልንቀመጥ ነው?"

"ልጁ ገና ነው ብሏል" አሉ አዴር ሮብሌ፣ ከመሬቱ ቀና ሳይሉ።

እንደገና ናጡት። ሌላ አገዳ ወረደ፣ ነደደ። ሌላም አወረድኩ፤ እርሱም ነደደ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ይግቡ ብል ሰው ልገድል እችላለሁ፤ አይግቡ ብል ይህ ቤት ይራባል።

"ይግቡ" አልኩ። ሃያውም ሰምተውኛል። "ግን ገመዱን አይፈቱም። ጆንያው ለብቻው በሌላ ገመድ ይውረድ። ደግሞ ዝም እንዳይሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገሩ።"

"ምን ልናገር?"

"የፈለጉትን።"

ወረዱ። ገመዱን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ በሁለት እጄ ያዝኩት። ከታች የፍየሎቻቸውን ስም በየተራ መጥራት ጀመሩ፤ ያቺ ነጯ፣ ያቺ ቀንደ ጎባጣዋ፣ ያቺ አራት ጊዜ መንታ የወለደችው። ፍየሎቹ ሲያልቁ እኔን መስደብ ጀመሩ። አንድ ጆንያ ወጣ፤ ሁለተኛው ወረደ። ዐብዲወሃብ ከግድግዳው ተነሥቶ መጣና ከኋላዬ የገመዱን ጫፍ ያዘ። አላየኝም፤ ጉድጓዱን ነበር የሚያየው።

የአዴር ሮብሌ ድምፅ ድንገት ቆመ።

ሁለታችንም አንድ ላይ ሳብን።

"ኧረ ጆንያ እያሰርኩ ነው!" አሉ ከታች ተቆጥተው። "ልታንጠለጥሉኝ ነው እንዴ?"

"ይናገሩ!" ብዬ ጮኽኩ። "አዴር፣ ይናገሩ!"